ሥራ የፈታ ብር የት ይደር?

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ የእህል አገር ናት፡፡ በተለይ የጤፍ ንግዱ የሚሞቀው አዝመራው ከአውድማ ከወጣ በኋላ ነው፡፡ በእነዚያ ወራት ነጋዴው ያለውን ገንዘብ ሁሉ አሟጦ ይገዛል፣ ያልበቃውን ይበደራል፡፡ ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፡፡ መጋዘኑ ይራቆታል፣ ኪሱ ይሞላል፡፡ አዲሱ አዝመራ እስኪደርስ ድረስም ገንዘቡ ሥራ ይፈታል፡፡

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ የእህል ነጋዴ እናንሳ፡፡ የመጨረሻውን ጤፍ ሸጦ ሐምሌ 1 ቀን 2 ሚሊዮን ብር በእጁ ገባ እንበል፡፡ ይህ ገንዘብ ኅዳር 1 ቀን ተመልሶ ለግዢ ይፈለጋል፡፡ በመካከሉ ጳጉሜን ጨምሮ 125 ቀናት አሉ፡፡ ነጋዴው በእነዚህ ቀናት ገንዘቡን የት ያሳድረው?

ጥያቄው የእህል ነጋዴው ብቻ አይደለም፡፡ አንድ አክሲዮን ሸጦ ሌላ እስኪያገኝ የሚጠብቀው የአዲስ አበባ ባለሀብትም፣ ኮሚሽኑን ሰብስቦ መኪና እስኪገዛ የሚያጠራቅመው ደላላም ያው ጥያቄ አለባቸው፡፡ በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው አንዱ መልስ የገንዘብ ገበያ ፈንድ ይባላል፡፡ በዛሬው ትምህርታችን የዚህን ፈንድ ምንነት፣ ጥቅሙንና አደጋውን እንመለከታለን፡፡

የተቀመጠ ብር አይቀመጥም

ብዙ ነጋዴ ትርፍ ገንዘቡን በቼክ ሂሳብ ይተወዋል፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በፈለገው ሰዓት ያወጣዋል፡፡ ነገር ግን ይህ ሂሳብ በተለምዶ ወለድ አይከፍልም፡፡ የዋጋ ንረት ደግሞ እንደ ውሃ እያሳሳቀ የሚወስድ ነው፡፡ በግንቦት 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ37 በመቶ በላይ ደርሶ እንደነበር ይታወሳል፡፡ በዚያን ጊዜ ዓመት ሙሉ በቼክ ሂሳብ የተኛ 100 ብር የመግዛት አቅሙ ወደ 73 ብር ገደማ ወርዷል ማለት ነው፡፡ ቁጥሩ በደብተሩ ላይ አልተነካም፤ የሚገዛው ጤፍ ግን ቀንሷል፡፡

የቁጠባ ሂሳብ ከዚህ ይሻላል፡፡ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፡፡ ሆኖም በነዚያው ዓመታት የዋጋ ንረቱ በአብዛኛው ከ7 በመቶ በላይ ነበር፡፡ ስለዚህ ቆጣቢው ወለድ እየተቀበለም ሲከስር ኖሯል፡፡

ለመሆኑ ፈንዱ ምንድን ነው?

የገንዘብ ገበያ ፈንድ የብዙ ሰዎችን ትርፍ ገንዘብ በአንድ ማጀት ሰብስቦ አጭር ዕድሜ ላላቸውና ታማኝ ለሆኑ ተበዳሪዎች የሚያበድር የጋራ ቋት ነው፡፡ ዋነኛው ተበዳሪ መንግሥት ሲሆን፣ የሚበደረውም በግምጃ ቤት ሰነድ ነው፡፡ ከዚህ ሌላ የባንክ የጊዜ ገደብ ተቀማጭና የትልልቅ ድርጅቶች የአጭር ጊዜ የዕዳ ሰነድ በፈንዱ ውስጥ ይገኛሉ፡፡ የሚገኘው ወለድ የአስተዳዳሪው ክፍያ ተቀንሶለት ለአባላቱ እንደየድርሻቸው በየቀኑ ይታሰባል፡፡

ነገሩን ከእቁብ ጋር ማነጻጸር ይቻላል፡፡ እቁብም የብዙዎችን ገንዘብ ይሰበስባል፡፡ ልዩነቱ በእቁብ ዕጣ እስኪደርስ መጠበቅ ሲኖር፣ በፈንዱ ግን ዕጣ የለም፡፡ ማንኛውም አባል ድርሻውን በፈለገው የሥራ ቀን ሸጦ ይወጣል፡፡

የፈንዱ አጀማመር ለእኛ ትምህርት አለው፡፡ በአሜሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባንኮች ለአስቀማጭ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ወለድ እንዳይከፍሉ ደንብ ይከለክላቸው ነበር፡፡ የግምጃ ቤት ሰነድ የተሻለ ይከፍል ነበር፤ ነገር ግን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10,000 ዶላር በታች ለያዘ ሰው አይሸጥም ነበር፡፡ በ1971 እ.ኤ.አ. ብሩስ ቤንትና ሄንሪ ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች የትንንሽ ቆጣቢዎችን ገንዘብ አንድ ላይ አድርገው ትልቁን ሰነድ የሚገዛ ፈንድ አቋቋሙ፡፡ ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ትልቁ ገዢ ብቻ የሚገባበትን በር ትንንሾቹ ተደምረው ገቡበት፡፡

ከብሮከር ሂሳብ ጋር ያለው ዝምድና

አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው በብሮከር ዘንድ ሂሳብ ይኖረዋል፡፡ በዚያ ሂሳብ ውስጥ ሁልጊዜ የተወሰነ ሥራ ፈት ገንዘብ አይጠፋም፡፡ ሜሪል ሊንች የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. ይህንን ገንዘብ ከገንዘብ ገበያ ፈንድ ጋር አገናኘው፡፡ ደንበኛው አክሲዮን ሲሸጥ ብሩ ወደ ፈንዱ ይገባል፤ ሲገዛ ደግሞ ከፈንዱ ይወጣል፡፡ በመካከል ያሉት ቀናት በከንቱ አያልፉም፡፡

በኋላ ስልክ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ፡፡ በቻይና በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. አሊባባ ዩኤባኦ የተባለውን ፈንድ ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር አያይዞ አቀረበ፡፡ በ1 ዩዋን መጀመር ይቻል ስለነበር ሚሊዮኖች በአጭር ጊዜ ውስጥ ገቡ፡፡ መጀመሪያ ላይ ከ6 በመቶ በላይ ይከፍል የነበረው ፈንድ ግን ከዓመታት በኋላ ከ2 በመቶ በታች ወርዷል፡፡ የፈንድ ትርፍ እንደ ገበያው እንጂ እንደ ውል የጸና አይደለም፡፡

ስሌቱ እንዲህ ነው

ወደ ነጋዴያችን እንመለስ፡፡ 2 ሚሊዮኑን ብር ለ125 ቀናት በቼክ ሂሳብ ቢተወው የሚያገኘው ዜሮ ነው፡፡ በ7 በመቶ የቁጠባ ሂሳብ ቢያኖረው 47,945 ብር ያገኛል፡፡ አሁን ደግሞ በዓመት 15 በመቶ የሚያስገኙ ሰነዶችን የያዘ ፈንድ አለ እንበል፡፡ ቁጥሩ ለስሌት ያህል የተወሰደ ነው፡፡ ያለ ክፍያ ቢሆን 102,740 ብር ይሆን ነበር፡፡ አስተዳዳሪው በዓመት 2 በመቶ ቢወስድ ግን ለነጋዴው የሚደርሰው 89,041 ብር ነው፡፡ ግብር በዚህ ስሌት አልገባም፡፡

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፡፡ አንደኛ፣ በቁጠባና በፈንዱ መካከል ያለው የ41,096 ብር ልዩነት ለአንድ የወረዳ ነጋዴ ቀላል ገንዘብ አይደለም፡፡ ሁለተኛ፣ 2 በመቶ ትንሽ ብትመስልም በ125 ቀናት ውስጥ 13,699 ብር በልታለች፡፡ ስለዚህ የፈንዱን ትርፍ የሚጠይቅ ሰው ክፍያውን ሳይጠይቅ አይነሳ፡፡

የግምጃ ቤት ሰነድ በቀጥታ ቢገዛም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው፡፡ ሰነዱ ወለድ አይከፍልም፤ ከፊት ዋጋው ባነሰ ይሸጣል፡፡ ለ91 ቀናት የወጣ የ1 ሚሊዮን ብር ሰነድ በ15 በመቶ ቢታሰብ 963,951 ብር ይገዛል፡፡ ቀኑ ሲደርስ መንግሥት 1 ሚሊዮን ብር ይከፍላል፡፡ ትርፉ 36,049 ብር ይሆናል፡፡

አደጋው የት ላይ ነው?

ፈንድ የባንክ ተቀማጭ አይደለም፡፡ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ መታወስ አለበት፡፡ የአገራችን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመ ሲሆን፣ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል፡፡ ይህ ዋስትና ለኢንቨስትመንት ፈንድ አይደርስም፡፡ ነጋዴያችንም 2 ሚሊዮኑን በአንድ ባንክ ቢያኖር በመድኑ የሚሸፈንለት 100,000 ብሩ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል፡፡

ፈንድ ሊጎድል እንደሚችል ዓለም ያየው መስከረም 16 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ ቀደም ብለን ያነሳናቸው ሰዎች ያቋቋሙት ድርጅት ያስተዳድረው የነበረው ሪዘርቭ ፕራይመሪ የተባለ ፈንድ የሌማን ብራዘርስን 785 ሚሊዮን ዶላር የዕዳ ሰነድ ይዞ ነበር፡፡ ሌማን ሲከስር የፈንዱ 1 ዶላር ወደ 97 ሳንቲም ወረደ፡፡ ጉድለቱ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በመጨረሻም ባለድርሻዎቹ ከዶላሩ ከ99 ሳንቲም በላይ አግኝተዋል፡፡ ዋናው ጉዳት ግን መዘግየቱ ነበር፡፡ በሩ ተዘግቶ ሰዎች ገንዘባቸውን ለማግኘት ወራት ጠበቁ፡፡

ለእህል ነጋዴ ይህ መዘግየት ከኪሳራው ይብሳል፡፡ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገበሬው እህሉን ጭኖ ደጅ ሲቆም "ብሬ ፈንድ ውስጥ ናት፣ ሳምንት ጠብቀኝ" ማለት አይቻልም፡፡ ገበሬው ወደ ጎረቤቱ ነጋዴ ይሄዳል፤ የዓመታት ደንበኝነትም በአንድ ጠዋት ይፈርሳል፡፡ በቻይናም ቢሆን ከሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእነዚህ ፈንዶች በዕለቱ ማውጣት የሚቻለው 10,000 ዩዋን ብቻ እንዲሆን ተወስኗል፡፡ "በፈለጉት ጊዜ" የሚለው ቃል ልክ እንዳለው ከዚህ ይታያል፡፡

በእኛ በኩል ሌላም ጉዳይ አለ፡፡ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፡፡ በስልክ ብቻ የሚከፈት ሂሳብ ኔትወርክ በጠፋ ቀን እንደተቆለፈ ካዝና ነው፡፡ ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለደብረ ወርቅ ነጋዴ ግን ከወለዱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፡፡

በአገራችን መንገዱ ምን ደርሷል?

የግምጃ ቤት ሰነድ ለአገራችን አዲስ አይደለም፡፡ ሆኖም ለረጅም ዓመታት የሚከፍለው ከዋጋ ንረት እጅግ ያነሰ ስለነበር፣ ገዢዎቹ እንደ ጡረታ ፈንድ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ነበሩ፡፡ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው በጨረታ እንዲወሰን ተደርጓል፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ አድርጎ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ መምራት ጀምሯል፡፡ ይህ ለቆጣቢው ትርጉም አለው፤ የአጭር ጊዜ ገንዘብ ዋጋ እንዲኖረው መንገድ ከፍቷልና፡፡

በሌላ በኩል የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ጸድቆ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፡፡ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፡፡ ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ ወስደዋል፡፡ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን አንዱ በ300 ብር በቴሌብር በኩል ሲሸጥም 47,377 ሰዎች ገዝተዋል፡፡ ሕዝቡ ሰነድ በስልክ መግዛትን ተለማምዷል ማለት ይቻላል፡፡ ፈንዱም በዚሁ መንገድ ወደ ነጋዴው ደጅ ሲመጣ እንዳያደናግረው ከወዲሁ ማወቁ ይበጃል፡፡

ከመግባት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ፈንዱና ብሮከሩ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አላቸው? ፈቃዱን ከሻጩ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ ያረጋግጡ፡፡

2. በፈንዱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የመንግሥት ሰነድ ነው ወይስ የድርጅት ዕዳ? ከሌላው የበለጠ የሚከፍል ፈንድ የበለጠ አደጋ ይዞ ሊሆን ይችላል፡፡

3. ንብረቱን የሚጠብቀው ማን ነው? የደንበኛ ገንዘብ ከብሮከሩ ገንዘብ ተለይቶ በሌላ ጠባቂ እጅ መሆን አለበት፡፡

4. ከማዘዝ እስከ መቀበል ስንት የሥራ ቀን ይፈጃል? በበዓል ሰሞንስ?

5. ክፍያው በዓመት ስንት ነው? ለመግባትና ለመውጣትስ ይከፈላል?

6. ኔትወርክ ቢጠፋ በቅርንጫፍ በአካል ማዘዝ ይቻላል?

"ወለዱ የተረጋገጠ ነው፣ ኪሳራ የለውም" የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ጥያቄዎቹን ሳይጨርሱ መነሳት ይችላሉ፡፡

ገንዘቡን በቀኑ ይክፈሉት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፡፡ ትርፍ ገንዘብ በትርፉ ሳይሆን በሚፈለግበት ቀን ይከፈላል፡፡ ነጋዴያችን 2 ሚሊዮኑን በሦስት ሊያስበው ይገባል፡፡ ነገ ሊፈለግ የሚችለው፣ ለቤት ወጪ፣ ለድንገተኛ ሕመም፣ በአጋጣሚ ለተገኘ ርካሽ እህል የሚሆነው ቅርብ ባለ ባንክ ይቀመጥ፡፡ ወለዱ ያነሰ ቢሆን የቅርበቱ ዋጋ ነው፡፡ ቀኑ የታወቀውና እስከ ኅዳር የማይነካው ገንዘብ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ በ91 ቀን ሰነድ ወይም ፈቃድ ባለው ፈንድ ሊያድር ይችላል፡፡ ይህም ቢሆን መውጫው ቀን ከግዢው ወቅት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሁን፡፡ ለዓመታት የማይፈለገው ደግሞ ከመጀመሪያውም ሥራ ፈት ገንዘብ አይደለም፤ አክሲዮን፣ ወፍጮ ወይም መጋዘን ሊሆን የሚገባው ነው፡፡

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለቱን ጫፍ በመያዝ ነው፡፡ አንዱ ሁሉንም በቼክ ሂሳብ ትቶ ለዋጋ ንረት ይገብራል፡፡ ሌላው የወለዱን ቁጥር አይቶ ሁሉንም ይቆልፍና ገበሬው ደጁ ሲደርስ አራጣ ይበደራል፤ የአራት ወር ወለዱን በአንድ ወር አራጣ ያስረክባል፡፡ የደብረ ወርቅ ነጋዴ እህሉን ለዘር፣ ለቀለብና ለገበያ ለይቶ ከሚያስቀምጠው ገበሬ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ኖሯል፡፡ ብሩንም እንደዚያው ይለየው፡፡