ለታናሹ አንድ ኩባያ ውሃ
ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

የሚነበብ ክፍል፦ ማቴዎስ 10፥40-42



ጌታችን ለታናናሾች ስለሚሰጥ አንድ ጽዋ ውሃ ሲናገር፥ ነገሩ ቀላል መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በአግባቡ የተዘጋጀ አንድ ኩባያ ውሃ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ሕፃኑን የሚገድለው ምንድን ነው?

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ግን «የጥርስ ተቅማጥ ነው» ተብሎ የሕፃኑ ድድ ይበጣል፤ ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። ተቅማጡ ይብሳል በማለት ጡትና ውሃ የሚከለክሉም አሉ። ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነውና አንንቀፋቸው፤ እናስተምራቸው። ቁስሉ ሌላ በሽታ ይጨምራል፤ ክልከላውም ድርቀቱን ያፋጥናል።

የተገኘው መፍትሔ

በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ወደ ህንድ የገቡ ስደተኞች በሰፈሩበት በቦንጋዎን ኮሌራ ተነሣ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፥ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። ያጠጡትም የሕሙማኑ ቤተሰቦች ነበሩ። ከ100 ሕሙማን እስከ 30 ይደርስ የነበረው ሞት፥ ይህን በጠጡት ዘንድ ከ4 በታች ሆነ። ምክንያቱም ስኳሩ አንጀት ጨውንና ውሃን እንዲመጥ ይረዳዋል።

በቤት ምን እናድርግ?

1. ከጤና ኬላ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ሙሉውን ከረጢት፥ በላዩ በተጻፈው ልክ፥ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ እንበጥብጥ። ውሃው ካነሰ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛም ጥቅሙ ይቀንሳል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ።

2. ባስቀመጠው ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ለሆነው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፥ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ጥቂት በጥቂት እንስጠው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይተን በዝግታ እንቀጥል።

3. ጡትና ምግብ አይቋረጥ። የጤና ባለሙያ የሰጠው ዚንክም፥ ተቅማጡ ቢቆም እንኳ፥ የታዘዘው ቀን እስኪሞላ ይወሰድ።

4. ዓይኑ ከጎደጎደ፥ ከፈዘዘ፥ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት፥ እያጠጣነው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ልጇ በሌሊት የታመመባት እናት አስቀድማ የምታንኳኳው የጎረቤቷን በር ነው። ያ በር የእኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሴቶች ኅብረት፥ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች ሁሉ አበጣጠሩን በእጃቸው ሠርተው ይወቁት። ለታመመው ልጅ እንጸልያለን፤ ስንጸልይ ግን ማንኪያው ከእጃችን አይለይ። ፈዋሹ ጌታ ውሃውንም፥ ጨውንም፥ እውቀቱንም የሰጠን እርሱ ነውና።

ለውይይት

1. በአካባቢያችን ሕፃን ሲያስቀምጠው ምን ይደረጋል? ለምንስ?
2. በአጥቢያችን ኦ.አር.ኤስ. በቤቱ ያለውና በትክክል መበጥበጥ የሚችል ማን ነው?
3. የምንጭ ውሃን፥ መጸዳጃ ቤትንና እጅ በሳሙና መታጠብን በተመለከተ በዚህ ወር ምን ልንጀምር እንችላለን?

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።