ከማኅተሙ በፊት ቴምብሩን እይ

እስቲ ፈቀቅ በልልኝ፣ መብራቱን ጋርደኸዋል። ወረንጦውስ የት ሄደ? በጣት አይነካም ብዬህ የለም? የእጅ ወዝ ሙጫውን ያበላሸዋል፤ የጀርባው ሙጫ ደግሞ ኋላ ትልቅ ምስክር ነው፣ እመጣበታለሁ።

የያዝከው ምኒልክ ነው። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እነዚህ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ታተሙ፣ ቀራጩም ፈረንሳዊው ሙሾን ነው። ሰባት ናቸው። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል አለባቸው፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሾቹ ደግሞ አንበሳው። ምንም ያልተመታበት ባዶው ምኒልክ ዛሬም ውድ አይደለም፤ በቀላሉ ይገኛል። ሻጩ ዋጋውን የሰቀለብህ በላዩ ላይ «ቦስታ»፣ ማለትም ፖስታ፣ የሚል ማኅተም ስላለ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እሱው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1901 በነዚሁ ቴምብሮች ላይ በፈረንሳይኛ የኢትዮጵያን ስም መቱበት፣ በ1902 ደግሞ «ቦስታ» አሉበት። ማሽን አይደለም፣ በእጅ የተመታ ማኅተም ነው። እንግዲህ አስበው፤ ርካሹን ቴምብር ገዝቶ፣ ማኅተም አስቀርጾ፣ መምታት ለማን ይከብዳል? ለዚህ ነው ከቴምብሩ ይልቅ ማኅተሙ በብዛት የሚጭበረበረው። ካታሎጎቹም ያስጠነቅቃሉ።

አጉሊ መነጽሩን አምጣና እዚህ ጥግ ላይ አድርገው። የፖስታ ቤቱ ክብ ማኅተም «ስ»ን አቋርጦ የሚያልፍበትን ታያለህ? ቴምብሩን ወደ መብራቱ ትንሽ አዘንብለው። ቦስታው ቴምብሩ ከመሸጡ በፊት የተመታ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ተለጥፎ ክቡ ያረፈበት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የክቡ መስመር ሳይቋረጥ በፊደሉ ላይ ማለፍ አለበት። ፊደሉ ክቡን ሸፍኖት ካገኘኸው፣ አንዱ ያገለገለ ቴምብር ላይ ኋላ የመታው ነው፤ አልበሙን ዘግተህ ተነስ። ሁለቱም ጥቁር ሲሆኑ መለየቱ ዓይን ያደክማል፤ ሐምራዊና ጥቁር ሲገናኙ ግን ይታያል። ቀኑንም አንብብ። ክቡ ላይ 1900 የሚል ቀን እያለ ቦስታ የሚል ከሆነ ምን ቀረህ?

ሻጩ «የተገለበጠ ነው፣ ብርቅ ነው» ቢልህም ቶሎ አትደንግጥ። በእጅ የሚመታ ነገር ይዘምማል፣ ይገለበጣል፣ ሁለቴም ያርፋል። እኔ ብሆን ለተገለበጠ የእጅ ማኅተም አንዲት ሳንቲም አልጨምርም።

ውሃ ውስጥ እንዳትከት! ሐምራዊ የማኅተም ቀለም ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛም ይሁን ሐሰተኛ ማን ይገዛልሃል?

አሁን ወደ ራሱ ቴምብሩ። የምኒልክ ቴምብር በጎላ ፊደል ማተሚያ የታተመ ነው፤ ቀለሙ ከመስመሩ ጠርዝ ላይ ተገፍቶ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ጀርባውን ስታይ የጫናው ምልክት ይታያል። አዲስ የዶላር ኖት ላይ ጣትህን ብታሳልፍ የሚሻክርህ ሌላ ዓይነት ኅትመት ነው፣ እሱን እዚህ አትጠብቅ። ጠርዙን ጠፍጣፋና ድፍን አድርጎ ካሳየህ ደግሞ ጠርጥር። ጥርሱንም ቁጠር፤ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ባንዱ ጎን 14፣ በሌላው 13 ተኩል ነው የሚሆነው። መለኪያ ካርዱ ርካሽ ነው፣ ግዛ።

ሙጫው ላይ ስንደርስ ያን እ.ኤ.አ. የ1919ኙን የአራዊት ስብስብ ገልጥ፤ ቀጭኔው፣ ነብሩ፣ ሰጎኑ ያለበትን። እሱ ተወዳጅ ስለሆነ ኋላ እንደገና ታተመ፤ ገበያው ላይ ያለው ንጹሕ ስብስብ ብዙው ዳግም እትም ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጀርባውን ገልብጥ። የመጀመሪያው ሙጫ ነጭና ልስልስ ነው፤ የዳግም እትሙ ቡናማ ሆኖ በሰያፍ ተሰነጣጥቋል። ያንተ ይኸው፣ ተሰነጣጥቋል። አትዘን፣ ለዓይን ያው ውብ ነው፣ በመጀመሪያው ዋጋ ግን አትግዛው።

አንድ የቀረኝ ፖስታው ነው። ሙሉ ደብዳቤ ከነቴምብሩ አለኝ ብሎ የሚያሳይህ ካለ፣ የት እንደተላከ ጠይቅ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ኅዳር 1908 ነው፣ በፈረንጅ። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ብቻውን እስከ ፓሪስ አያደርስም ነበር፤ ከጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ይጨመርበታል፣ ካልሆነም ተቀባዩ የሚከፍለው የዕዳ ምልክት ይመታበታል። ሁለቱም የሌለበት የ1903 ደብዳቤ ካመጣልህ ወንበርህን ስበህ ተቀመጥና አስረዳኝ በለው።

ይህን ቦስታ በአራት እጥፍ ዋጋ ከማንሳትህ በፊት ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ሙዚየሙን ግባ፣ እውነተኞቹን በዓይንህ ጥገብ። ከዚያ ሻጩን የባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት ጠይቀው። የለኝም ካለ፣ በባዶው ምኒልክ ዋጋ ልግዛው በልና ፊቱን እይ።