የተጣበቀ ፍሬን

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ የሾፌርም የተሳፋሪም ሕይወት በፍሬን ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ ሲግል፣ መኪናዋም ፍሬን ስትያዝ ወደ አንድ ጎን ስትስብ፣ «ግድ የለም፣ ታደርሰናለች» ማለት አይገባም።

ምክንያቱ ምን ይሆናል? የፍሬን ሸራዎችን ይዞ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨብጠው ካሊፐር ይባላል። ብዙው ካሊፐር በሁለት ፒኖች ላይ ይንሸራተታል። የፒኑ መሸፈኛ ጎሚኒ ሲቀደድ ውሃና አቧራ ይገባል። ፒኑ ይዝግና ሙጭጭ ይላል። ያን ጊዜ አንዱ ሸራ ቶሎ ያልቃል፤ ሌላው ብዙም ሳይነካ ይቀራል።

እኔና አጎቴ አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ፒን በመዶሻ ደብድበን ሰበርነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ሁለት ቀን ፈጀብን። ጉልበት ዝገትን አያሸንፍም፤ ትዕግሥት ግን ያሸንፋል።

እንግዲህ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ለሌሎቹ ጎማዎች ድንጋይ አስደግፉ። ክሪክን ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ ጨምሩ። የተፈታውን ካሊፐር በሽቦ እሰሩት እንጂ በፍሬን ዘይት ቱቦው አታንጠልጥሉት። ፒኑን ዝገት ማስለቀቂያ ነክታችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ወዲያና ወዲህ እያዞራችሁ አውጡት። ዘይቱ ሸራና ዲስክ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ፒኑን አጽዱ፤ ዝገት የበላውን ለውጡ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ስለሚያሳብጥ ለፍሬን የተሠራውን ቀቡ። ፒስተኑ ራሱ ከተጣበቀ ግን ለመካኒክ ተዉት።

በመጨረሻ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። መንገድ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ሸራ ብቻ ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው?