መጽሐፍ ማንበብ ከሰው ጋራ ለመኗኗር እንደሚረዳ

አንባቢ ሆይ፤ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ከሰው ይሸሻል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በእርግጥም በመጽሐፉ ተሸሽጎ እንግዳውን የማይቀበል፥ ጎረቤቱ ሲታመም የማይጠይቅ አንባቢ አይታጣም፤ ጥፋቱ ግን የሰውዮው እንጂ የመጽሐፉ አይደለም።

የሰውን ቃል እንሰማለን፤ ልቡን ግን አናይም። መልካም ታሪክ የሌላውን ሰው አሳብ ከውስጥ ያሳየናል። በ1958 ዓመተ ምሕረት የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመልከት። አገሬው እንደ እብድ ቈጥሮ ጉዱ ካሣ የሚለው ሰው በዚያ አለ። አንባቢው ንግግሩን እየተከተለ ሲሄድ ግን፥ እብድ የተባለው ሰው የአገሩን ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የመረመረ ሆኖ ያገኘዋል። ፊታውራሪ መሸሻም ለዘሩ ክብር ሲል ልጁን ሰብለ ወንጌልን ለሚለምናት ሁሉ ሲከለክል አንባቢ ይቈጣዋል፤ ነገር ግን ኵራቱ ከወዴት እንደ መጣ ያስተውላል። እንግዲህ መጽሐፉን ዘግተህ ወደ ሰፈርህ ስትወጣ፥ ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ሰው ብታገኝ ከመሳቅህ በፊት ልትሰማው ይገባሃል።

የዘመናችን ሊቃውንትም ይህን ነገር መርምረዋል። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2013 ኪድና ካስታኖ የሚባሉ ሁለት መርማሪዎች፥ ጥልቅ ልብ ወለድ ጥቂት ያነበቡ ሰዎች የሌላውን ስሜት ለመለየት እንደ ተሻሉ «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ጻፉ። በ2016 ግን ሌሎች ፈተናውን ቢደግሙት ያን ፍሬ አላገኙም፤ በ2018 ብዙ ምርመራዎች ባንድነት ሲመዘኑም ጥቅሙ ትንሽ ሆኖ ታየ። ስለዚህ ማንበብ እንደ ኪኒን ዋጥ ተደርጎ ባንድ ሌሊት ጠባይን የሚለውጥ አይምሰልህ።

እኔ እንደሚመስለኝ የበለጠው ጥቅም የሚገኘው ያነበቡትን ከሰው ጋራ ሲነጋገሩበት ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተነገረለት ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የነበረ ታላቅ ሹም ነው። በሠረገላው ሆኖ ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው፤ ያነበበው ገብቶት እንደ ሆነም ጠየቀው። ሹሙ ይህ መንገደኛ ማን ነው ብሎ አልተቈጣም፤ የሚመራው እንደሚያስፈልገው ተናግሮ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። ድምፁ ባይሰማ ኖሮ ጥያቄው ከወዴት ይመጣ ነበር? ብዙ የተማረ ሰው ግን አልገባኝም ማለትን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል።

አንተም ማንበብ ለማያውቁ ቤተ ሰዎችህ ሳትቸኩል ድምፅህን አሰምተህ አንብብላቸው። አያትህ ፊደል ባትቈጥር ከአንተ ይልቅ የሰውን ጠባይ ታውቅ ይሆናል፤ «እርስዎ በእርሱ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብለህ ጠይቃት። ትናንት ያነበብከውን ዛሬ በማዕድ ላይ ለመመካት አታውጣው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ለባልንጀራህ መጽሐፍ ባዋስኸው ጊዜም፥ ሲመልስልህ አስቀድመህ የእርሱን አሳብ እስከ መጨረሻው ስማ፤ ያንተን ከዚያ በኋላ ትነግረዋለህ።