ሞተሩ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር

በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውኃ ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር የሚከራከረው በሞተሩ ጉልበት፣ በጎማው ዕድሜና በሊብሬው ላይ ነው። የት እንደሚያድር የሚያስበው ገንዘቡን ከፍሎ ወደ ቤቱ ሲነዳው ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሞተር ይዞ የሚሠራው ሰው፣ የሰሊጥ ደላላም ይሁን የእርሻ ካምፕ ተቆጣጣሪ ወይም ሸቀጥ አመላላሽ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የሚኖር ነው። ግቢው የጋራ ነው፤ በሩን ማታ ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። ስለዚህ ሲመሽ ሞተሩ እየተገፋ ደፉን ተሻግሮ ከአልጋው አጠገብ ይቆማል።

ይህ ዘዴ ከሌባ ያድናል። በነፃ የሚገኝ ማደሪያ መምሰሉ ግን ስህተት ነው። አንድ 100 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ፣ በመሪው በኩል ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለመግፊያና ለማዞሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርለት 2.4 ካሬ ሜትር ይይዛል። ክፍሉ 3 በ4 ከሆነ ሞተሩ የወሰደው ከቤቱ አምስተኛውን ነው። ለምሳሌ ያህል ወርኃዊ ኪራዩ 2,000 ብር ነው ቢባል 400 ብሩ የሞተሩ ኪራይ ነው ማለት ነው፤ በዓመት 4,800 ብር። በሠፈሩ ዘበኛ ያለው መጋዘን ወይም ጋራዥ ከዚህ ባነሰ ዋጋ የሚያሳድር ከሆነ ቤት ውስጥ ማስገባቱ ኪሳራ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ገብቷል፤ እንዲህ ባለ ከተማ የክፍል ስፋት እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም።

ከኪራዩ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ቤንዚኑ ነው።

የቤተሰብ ልማድ የተቀረጸው በላምባ ነው። ላምባ በተለመደው ሙቀት ክብሪት ቢጫርበት ቶሎ አይቀጣጠልም፤ የሚቀጣጠል ተን ለመስጠት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ማየት አደገኛ ነው። በዚያ ላይ የቤንዚን ተን ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ወደ ጣራ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ ይሳባል። የከሰል ምድጃውም፣ የቡናው ረከቦትም፣ ልጆች የሚተኙበት ፍራሽም ያሉት እዚያው ነው። ከላይ የተከፈተ መስኮት ለዚህ ብዙም አይረዳም፤ የሚረዳው ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ነው፤ እሱንም ብዙዎች ለእባብና ለጊንጥ ብለው በጨርቅ ይደፍኑታል።

በመሆኑም ሞተሩ ቤት ውስጥ ማደሩ የግድ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ገና መንገድ ላይ ነው። ባለሞተሩ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው የነዳጁን መዝጊያ ይዘጋል። ሞተሩ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን እየጨረሰ ይደርሳል፤ ሌሊት የሚንጠባጠብ ነገር አይኖርም። ከዚያ ጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ይቆማል። ምድጃው፣ ኩራዙና ሻማው ሞተሩ ካለበት ክፍል ይወጣሉ፤ ይህ ካልሆነ ሞተሩ ይወጣል። ሁለቱን አብሮ ማሳደር የሚቻልበት ብልሃት የለም።

ነዳጅ እስከ አፉ መሙላትም ጥሩ አይደለም። ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት በቀዝቃዛው 10 ሊትር የተሞላ ከቀትር በኋላ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 2 ዴሲ ሊትር ያህል መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ክዳኑ ነው፤ የሚያርፈውም ወለሉ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ነዳጅ ሲጠፋ ለክፉ ቀን ተብሎ በጀሪካንና በሃይላንድ ተሞልቶ አልጋ ሥር የሚቀመጠው ነው። የሞተሩ ነዳጅ ቢያንስ በብረት ውስጥ ነው፤ የሃይላንድ ክዳን ግን ለውኃ የተሠራ ነው።

የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ለሌባ እንዲያስቸግር ብሎ ሞተሩን በሩ ላይ አጋድሞ ያቆመዋል፤ መሪውን ይቆልፋል፤ ሰንሰለትም ይጨምራል። ክፍሉ አንድ በር ብቻ ካለው በእሳት ጊዜ መውጫውን የዘጋው እሱ ራሱ ነው። ከበሩ ጎን፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ የፊት ጎማው ወደ ውጭ አቅንቶ ቢቆም በአንድ ግፊት ይወጣል። ወለሉ አፈር ከሆነ የጎን ማቆሚያው እየሰመጠ ስለሚሄድ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ድንጋይ ይደረግበታል።

በአንድ ግቢ ስድስት ባለሞተር ተከራዮች ካሉ ግን ስድስቱም በየክፍላቸው ከቤንዚን ጋር የሚያድሩበት ምክንያት የለም። 15 ካሬ ሜትር የምትሆን ባለቆርቆሮ መጠለያ፣ ከታች አየር የምታስገባ፣ በሲሚንቶ የተተከለ ቋሚ ብረት ያላት፣ ስድስቱንም ታሳድራለች። ወጪው ለስድስት ሲካፈል ከላይ ከተሰላው የዓመት ኪራይ ጋር ማነጻጸር ነው። አከራዩ መሬቱን የሰጠበት ሁኔታ፣ ተከራይ ሲለቅ ቆርቆሮው የማን እንደሚሆን፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር በጽሑፍ ውል ቢሰፍር ይመረጣል። በቃል ብቻ የተሠራች መጠለያ ለአከራዩ ተጨማሪ ክፍል ሆና ልትቀር ትችላለች።

ክረምቱ ሌላ ሒሳብ ነው። ዝናቡ ሲጠነክር የቆላው ዋልካ አፈር በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየታጨቀ ጎማው መዞር ያቅተዋል። ከአስፋልቱ ርቆ የሚሠራ ሰው ሞተሩን ለሳምንታት ለማቆም ይገደዳል። ትእዛዝም ሊያስቆም ይችላል፤ በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴ ሲገደብ ብዙ ሞተሮች ባለቤቶቻቸው ባላሰቡት ቀን ቆመዋል። የመካኒክ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሞተር ታንከሩ እንዳይዝግ ነዳጅ ይሞላ ይላሉ። ምክሩ የተጻፈው ጋራዥ ላለው ሰው ነው። ከሞተሩ ጋር ለሚተኛ ሰው የሚበጀው ታንከሩን ደጅ ላይ አራግፎ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ ውስጡን ማራስ ነው። ባትሪው ይፈታል፤ በወር አንዴ ቻርጅ ይደረጋል። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ በቆላው ሙቀት ውኃው ቶሎ ስለሚጎድል በዲስቲልድ ውኃ ይሞላል።

በአይሱዙ ሲጫን

ከጎንደር እስከ መተማ ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሞተሩን ከመንዳት በጭነት መኪና ማስጫን የሚመርጡ አሉ። እዚህ ላይ የገበያው አቅጣጫ መታየት አለበት። በሰሊጥ ወቅት አይሱዙዎች ሞልተው የሚሄዱት ወደ ላይ ነው። ወደ ታች የሚወርደው መኪና ጭነት ፍለጋ ስለሚሄድ ቦታ ይኖረዋል፤ ሞተር አስጫኝም የመደራደር ጉልበት የሚያገኘው ያኔ ነው። ያንኑ ሞተር በዚያው ወር ከመተማ ወደ ጎንደር ለማውጣት የሚሞክር ግን በሰሊጥ ጆንያ ዋጋ ይከራከራል።

ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሞተሩን በጎኑ አስተኝቶ ጆንያ መደርደር የተለመደ ነው። በጎኗ እንድትተኛ የተሠራች ሞተር በዓለም ላይ ነበረች። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣት ሞቶኮምፖ መሪዋና መቀመጫዋ ታጥፎ በትንሽ መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ትገባ ነበር፤ ተጋድማም ነዳጅ እንዳታፈስ ታስቦባታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የሠሯት ዌልባይክ ደግሞ ተጣጥፋ በጃንጥላ ትወርድ ነበር። ሁለቱም ከ50 ኪሎ በታች ናቸው። በመተማ ገበያ የሚሸጠው ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ሲጋደም ቤንዚኑ በክዳኑ፣ የባትሪው አሲድ በመተንፈሻው ይወጣል። አጠገቡ ያለው ሰሊጥ ቤንዚን ከሸተተ ገዢ የለውም፤ የጆንያው ዕዳ ከጭነት ሒሳቡ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ ቆሞ መጓዝ አለበት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስትሆን መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ ናት። መኪናው በቁልቁለቱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደፊት ይገፋል። የፊት ጎማው ከካቢናው ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ይገጥማል፤ ከመሪው ሥር በግራና በቀኝ፣ ከኋላም በግራና በቀኝ በገመድ ይወጠራል። የፊት አሞርዛተሩ በግማሽ ሲወርድ ይበቃል፤ እስከ መጨረሻው ከተጫነ ጎሚኒው ዘይት ይለቃል። የካላማዳሪያ ቁራጭ ስለሚለጠጥ ለተጨማሪ ማሰሪያ እንጂ ለዋናው አይሆንም። ገመዱ ቀለም በሚነካበት ቦታ ጨርቅ ይደረጋል። መኪናው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ቆሞ ውጥረቱ መታየት አለበት፤ የላላ ገመድ የሚገኘው ያኔ ነው።

ታንከሩ ሳይራገፍ መጫን የለበትም። በ2015 ክረምት የጀመረው የክልሉ ግጭት መንገዱን በየጊዜው እያቋረጠ መኪኖች ያልታሰበ ቦታ ሊያድሩ የሚችሉበት ሁኔታ ፈጥሯል፤ በፀሐይ ቆሞ ለሚውል ጭነት ቤንዚን ጓደኛ አይሆንም። ባለቤቱ አብሮ የማይጓዝ ከሆነ የሊብሬው ኮፒና የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈበት የውክልና ደብዳቤ በሾፌሩ እጅ መኖር አለበት። በጠረፍ መንገድ ላይ ያለ ወረቀት የተጫነ ሞተር በጉምሩክ ኬላ እንደ ኮንትሮባንድ ሊያዝ ይችላል፤ ዋናው ሊብሬ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።