በአራት ጎማ ወይስ በኋላ ጎማ?

አጎቴ ፈጣኑ መኪናቸው በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ «ዝናብ አያስፈራኝም» ይላሉ። እኔም አምኜ ነበር።

መኪና ፈጥኖ ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ስለዚህ በደረቅ መንገድ የኋላ ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። መንገዱ ሲረጥብ ግን ሰበቃው ያንሳል፤ የሞተሩ ኃይል ለሁለት ጎማ ይበዛና በከንቱ ይሽከረከራሉ። ለአራት ሲከፈል ይችሉታል። እ.ኤ.አ. በ1980 በጄኔቭ የታየው አውዲ ኳትሮ የታወቀው በዚህ ነው። ሆኖም ተጨማሪው ዘንግና ጥርስ ሸክም ነው፤ በ1983 በኋላ ጎማ የሚነዳው ቀላሉ ላንቻ 037 የዓለም ራሊን የፋብሪካዎች ዋንጫ ከአውዲ ነጠቀ።

ፍሬን ግን በሁለቱም ዓይነት መኪና አራቱንም ጎማ ይይዛል። እንግዲህ ጎማቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፥ በዝናብ የአጎቴ መኪና ፈጥኖ ይነሣል እንጂ ፈጥኖ አይቆምም። ይህን ገና አልነገርኋቸውም።