እውቀት የሀገር ሀብት የሚሆነው መቼ ነው?
ከአንኮበር እስከ መንዝ

«በእውቀት ላይ የተመሠረተ ኢኮኖሚ» የሚለው ሐረግ በየዕቅዱና በየጉባኤው ሲነሣ እንሰማለን። ብዙ ጊዜ ግን ትርጉሙ ዘመናዊ መሣሪያ ከመግዛት ወይም የተማረ ሰው ከመቅጠር ጋር ይምታታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከሰሜን ሸዋ ሁለት ምሳሌዎችን በማንሣት ጉዳዩን ለመመርመር እንሞክራለን።

አንኮበር የገቡት መሐንዲስ

ስዊዘርላንድ ተራራማ፣ የባሕር በር የሌላትና የማዕድን ሀብቷ አነስተኛ የሆነ ትንሽ ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1855 በዙሪክ ከተማ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፍታ መሐንዲሶችን ማሠልጠን ጀመረች። ከዚያ ከወጡት አንዱ አልፍሬድ ኢልግ ነበሩ። በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ባለሙያ እንዲመጣላቸው በመጠየቃቸው፣ ሙሴ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ገቡ።

ከሥራዎቻቸው መካከል የፊዚክስ ተማሪን ይበልጥ የሚስበው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የተዘረጋው የውሃ ቧንቧ ነው። ውሃው ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይወጣል። ይህ ተአምር ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ በመሆኑ የላይኛው ውሃ ክብደት የታችኛውን ይገፋዋል፤ በየ10 ሜትሩ ጥልቀትም ግፊቱ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨምራል። ቧንቧው ይህን ግፊት እስከቻለ ድረስ፣ ውሃው ከምንጩ ዝቅ ወዳለ ኮረብታ ሁሉ ሊወጣ ይችላል።

ይሁን እንጂ ቧንቧው ሲዘረጋ ስሌቱን የሚያስተምር ተቋም አብሮ አልተተከለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም.፣ ማለትም ሙሴ ኢልግ አንኮበር ከገቡ ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። ዙሪክ መሐንዲስ የሚወጣበትን ቤት ሠራች፤ እኛ ከዚያ ቤት የወጣ መሐንዲስ አስመጣን።

ሚዛንና መዝገብ በመንዝ

ሁለተኛው ምሳሌያችን የመንዝ በግ ነው። ቶሎ ያደገ ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቶሎ ገበያ ይወጣል። በዚህም የተነሣ ከመንጋው ጋር ቀርተው ዘር የሚተኩት ደካሞቹ ይሆናሉ፤ መንጋውም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊዳከም ይችላል።

የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳና ከሌሎች ተቋማት ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2009 አንሥቶ ከአርሶ አደሮች ጋር ያካሄደው የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ይህን ልማድ ለመለወጥ የታለመ ነው። በአሠራሩ መሠረት ግልገሉ በጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀን፣ እናቱና በየዕድሜው ያለው ክብደት ይመዘገባል። አርሶ አደሮቹ ከባለሙያዎች ጋር መዝገቡን አይተው ምርጥ አውራዎችን ይለያሉ፤ በጋራም ይጠቀሙባቸዋል። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ። በሂደትም የስድስት ወር ጠቦት ክብደት መሻሻሉ ታይቷል።

በጉም ግጦሹም የአካባቢው ነው። የተጨመረው ሚዛንና መዝገብ ሲሆን፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ጠቦት በጠገበበት፣ ሌላው በራበው ሰዓት ቢመዘኑ ቁጥሩ ያሳስታል፤ ስለዚህ እረኛውም ቢሆን የመለኪያን ሥርዓት መማር አለበት። የተማረው ሥርዓት ግን ተመራማሪው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አብሮት አይሄድም።

የእኛ ድርሻ

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሰሜን ሸዋ የራሱ የእውቀት ቤት አለው። ነገር ግን ተመራቂው ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲያቀና የለካውንና ያሰላውን ሁሉ ይዞት ከሄደ የአንኮበሩ ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። ስለሆነም የመመረቂያ ጽሑፋችንን መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጣችን በፊት አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ መልካም ነው፦ እኛ የለካነውን፣ እኛ በሌለንበት፣ ሌላ ሰው መልሶ ሊለካውና ሊሠራበት ይችላልን? መልሱ «አዎን» በሆነ ጊዜ እውቀቱ የሀገር ሀብት መሆን ጀምሯል።